የሞሊ ብጥብጥ፣ አረንጓዴ ሌዘር እና ቀለበቶቹ፦ ከባህር ዳር የሥራ ማስታወሻ

መጀመሪያ ነገሩ ምንድነው

ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ሲባል ስሙ ያስፈራል እንጂ ዕቃው ጋራዥ ውስጥ ሞልቷል፣ የአክስል መጋጠሚያ ውስጥ የሚጠቀጠቀውን ግሪስ ጥቁር ያደረገው እሱ ነው፣ እኔ ከዚህ በኋላ ሞሊ ነው የምለው። ግሪስ ውስጥ የገባው ንብርብር ስለሆነ ነው፣ ንጣፍ ከንጣፍ የያያዘው ደካማ ኃይል ስለሆነ አንዱ በአንዱ ላይ ይንሸራተታል። ለእኛም የጠቀመን ይሄው ደካማነቱ ነው፣ ልጠህ ልጠህ አንድ ንጣፍ ላይ ስትደርስ ውፍረቱ 0.65 ናኖ ሜትር ገደማ ነው (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው)፣ ሦስት የአቶም ረድፍ ብቻ፣ መሃል ሞሊብዲነም ከላይና ከታች ሰልፈር። በ2004 ማንቸስተር ላይ ጌይምና ኖቮሴሎቭ ግራፊንን (አንድ የካርቦን አቶም ረድፍ ብቻ የሆነውን ንጣፍ) ከግራፋይት በፕላስተር ልጠው ካወጡ በኋላ (2010 ላይ ኖቤል አገኙበት) ሰው ሁሉ ንብርብር የሆነ ነገር ፍለጋ ወጣ፣ ለሞሊም ተራው ደረሰው። በ2010 ነጠላው ንጣፍ ከወፍራሙ ተለይቶ ብርሃን እንደሚያመነጭ ታየ፣ በ2013 ደግሞ ነጠላ ንጣፍ ላይ የገባ ኢንፍራሬድ ሌዘር ድግግሞሹ እጥፍ ሆኖ እንደሚወጣ ከአንድ በላይ ቡድን አሳየ።

ይሄ እጥፍ መሆን ኖንሊኒየር ከሚባሉት አንዱ ነው። መስኮት ላይ ያለ መስታወት ብርሃኑን እጥፍ ብታደርግበት እጥፍ ያሳልፋል፣ ምንም ጸባይ አይቀይርም። ኖንሊኒየር ዕቃ ግን ብርሃኑ ሲበረታበት ራሱ ዕቃው ይለወጣል፣ ወይ የበለጠ ያሳልፋል፣ ወይ የበለጠ ያጥፈዋል፣ ወይ ቀለሙን ቀይሮ ያወጣል።

የእኛ ጥያቄ ግን ጠበብ ያለች ናት። ሞሊን ፈሳሽ ውስጥ በጥብጠህ ሌዘር ፎከስ ስታደርግበት ግድግዳው ላይ ቀለበት በቀለበት ይወጣል፣ በጣም ያምራል፣ ብዙ ሰው ይሄን አይቶ "ይኸው የኤሌክትሮኑ ኖንሊኒየሪቲ" ብሎ ቁጥር ያወጣል፣ ሌላው ደግሞ "ኧረ ሙቀት ነው" ይላል። ክርክሩ የምርምር ጽሑፎቹ ውስጥም አለ። እኔና ፖሊ (የባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ግቢ) የሚማር ጓደኛዬ ላቦራቶሪ ሳንገባ ቀበሌ 14 ባለች አንድ ክፍል ውስጥ ሙቀቱን ከኤሌክትሮኑ መለየት እንችላለን ወይ ነው ያልነው።

ብጥብጡን ማዘጋጀት

ዱቄቱን ደረቅ ማለስለሻ ተብሎ ከሚሸጥበት ነው የገዛነው፣ ከግሪሱ ለማውጣት መሞከር ጣጣ ነው። ደብሊን ያሉ ሰዎች በ2014 ግራፊንን በኩሽና ሚክሰርና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና እንደሠሩ ስለምናውቅ ከቅዳሜ ገበያ አሮጌ ጁስ መፍጫ ገዝተን የባትሪ ውሃና ጥቂት ላርጎ አድርገን ለቀቅነው። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ፣ በዓይን የማይታይ ብናኝ አለው ሌዘሩ ውስጥ ሲገባ ግን እንደ ኮከብ ነው የሚያበራው፣ የመኪና ባትሪ ላይ የሚጨመረው ዲስቲልድ ውሃ ርካሽ ነው ንጹሕም ነው። ሞተሩ ስለሚግል እያሳረፋችሁ፣ አረፋው ስለሚገነፍል ደግሞ ግማሽ ብቻ ሞልታችሁ። የቤት አከራያችን በበሩ ብቅ ብለው "አንተ ልጅ ጥላሸት ነው እንዴ የምትፈጨው?" ሲሉኝ "አዎ እትዬ፣ የመኪና ነው" ብዬ አለፍኩ፣ ማስረዳት ብጀምር ቡናው ይበርድ ነበር።

ለውሃው ይሄ ይበቃል። ግን ለዋናው ሙከራ የአልኮል ብጥብጥም ያስፈልገናል፣ ምክንያቱን ታች እመጣበታለሁ፣ አልኮል ሚክሰር ውስጥ ደግሞ በጭራሽ አይገባም፣ የሞተሩ ካርቦን ብሩሽ ብልጭታ ይረጫል፣ ትነቱን ካገኘው አለቀ። ስለዚህ አይሶፕሮፓኖል የሚባለውን አልኮል ከሞባይል ጥገና ቤት ገዛን (ቦርድ የሚያጥቡበት እሱ ነው)፣ ዱቄቱን ክዳኑ ጥብቅ ባለ ጠርሙስ አድርገን መነጽር ቤት ያለችው የአልትራሳውንድ ማጠቢያ ውስጥ ከነጠርሙሱ ዘፈዘፍነው። "ጋሼ ጠርሙሷ አትከፈትም፣ ውሃው ውስጥ ብቻ ትቀመጥልኝ" ብዬ ነው የለመንኳቸው፣ እሳቸውም ደንበኛ በሌለበት ሰዓት እያበሩልኝ ብዙ ቆየች።

ከዚያ ማስተኛት ነው። እንደ ጠላ ነው፣ አተላው ታች ይቀራል ጠለሉን ቀስ ብለህ ትገለብጣለህ። ወፍራም ፍርፋሪው ይወርዳል፣ ላይ የቀረው ጥቁር አይደለም፣ ወይራ መሳይ አረንጓዴ ነው፣ ይሄ ቀለም ነው ልብ የሚያሳርፈው ምክንያቱም ግራፋይት ቢሆን ግራጫ እንደሆነ ይቀር ነበር። ጓደኛዬ ትንሽ ወስዶ ስፔክትሮሜትር (የትኛው ቀለም ምን ያህል እንደተዋጠ የሚለካ መሣሪያ) ላይ አስለካው፣ የሞገድ ርዝመቱ 610 እና 670 ናኖ ሜትር አካባቢ ሁለት ጉብታ አለው፣ የሞሊ ፊርማ ነው እሱ፣ ኤሌክትሮኑና የተወው ባዶ ቦታ ተሳስበው ኤክሲቶን ሲሆኑ የሚመጣ ነው። ሁሉም ነጠላ ንጣፍ ነው ማለት ግን አይደለም፣ አብዛኛው ጥቂት ጥቂት የተነባበረ ነው የሚሆነው፣ ለዚህ ጥያቄ ግን ይበቃናል።

ሌዘሩን አለማመን

የአረንጓዴው ሌዘር ፖይንተራችን ላዩ ላይ ከ5 ሚሊዋት በታች ይላል። እነዚህ አረንጓዴ ፖይንተሮች ራሳቸው ኖንሊኒየር ዕቃ ናቸው እኮ፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ውስጡ 808 ናኖ ሜትር ዳዮድ አለ፣ እሱ አንዱን ክሪስታል ቀስቅሶ 1064 ያወጣል፣ 1064ቱ ኬቲፒ የሚባል ክሪስታል ውስጥ ገብቶ ድግግሞሹ እጥፍ ሲሆን የሞገድ ርዝመቱ በግማሽ ወርዶ 532 አረንጓዴ ይሆናል። የድግግሞሽ እጥፍ መሆን መጀመሪያ የታየው በ1961 ሚሺጋን ላይ ነው፣ እነ ፍራንከን የሩቢ ሌዘር 694.3 ኳርትዝ ውስጥ አስገብተው 347 አወጡ፣ ያኔ ነጥቧ ከመፍዘዟ የተነሳ ፎቶው ላይ ቆሻሻ መስላቸው አዘጋጆቹ አጠፏት ይባላል። ዛሬ ቁልፍ ማንጠልጠያ ላይ ተሰቅሎ ይሸጣል።

ችግሩ ርካሾቹ ላይ ኢንፍራሬዱን የሚያስቀር ፊልተር የለም ወይ ደካማ ነው፣ ዓይን አያየውም፣ ዓይን ግን ይጎዳል፣ ስላላየኸው ደግሞ አትጨፍንም። ሲዲ ላይ አንጸባርቀን አየነው፣ የሲዲ መስመር 1.6 ማይክሮ ሜትር ስለሆነ አረንጓዴው 19 ዲግሪ ላይ ሲወጣ 808ቱ 30 ዲግሪ ላይ መውጣት አለበት፣ በስልኩ የፊት ካሜራ (የኋላው ፊልተር ስላለው ብዙም አያሳይም) ባዶ የመሰለው ቦታ ላይ ሐምራዊ ነጥብ ቁጭ ብላለች። ከተበላሸ ዌብካም ያወጣናትን ሰማያዊ መሳይ ትንሽ መስታወት፣ ኢንፍራሬድ ከልካዩዋን፣ ፊት ለፊቱ ለጠፍን።

ኃይሉን ለመለካት ከሶላር ፋኖስ የወጣ ሴል ከመልቲሜትር ጋር አገናኝተን ነው፣ ሲሊከን 532 ላይ በዋት 0.3 አምፔር ገደማ ይሰጣል። ፊልተር ሳይኖር 11 ሚሊ አምፔር፣ ከፊልተሩ በኋላ 8። ስምንቱን ለ0.3 ስታካፍለው 26 ሚሊዋት ገደማ ይመጣል። ከ5 በታች ነው የተባለው! ይሄ ዓይን ውስጥ ቢገባ ቀልድ አይደለም፣ የጸሐይ መነጽርም አያድንም፣ ስለዚህ ጨረሩ ከወገብ በታች፣ ሰዓትና ቀለበት ማውለቅ፣ በር መቆለፍ፣ የአከራያችን ልጅ ድንገት "ጋሼ" እያለ የሚገባ ስለሆነ መቆለፍ።

ቀለበቶቹ

መነጽር ቤቱ +5 ሌንስ ሰጡን፣ +5 ማለት ፎከሱ 20 ሳንቲ ሜትር ላይ ነው። ሳጥኗን ከማይክሮስኮፕ ስላይድ በሲሊኮን አጣብቀን ሠራናት፣ ውስጧ 1 ሳንቲ ሜትር። ግድግዳው ላይ ነጭ ወረቀት። ቀን ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ያንቀሳቅሰዋል ማታ ደግሞ ትንኙ አረንጓዴውን ነጥብ ይወዳል፣ ወረቀቱን ይሞላዋል፣ መሃል ላይ የሆነ ሰዓት ነው የሚሻለው።

የአልኮሉን ብጥብጥ ሞልተን ሳጥኗን ከፎከሱ አጠገብ ስናመጣት ነጥቡ መጀመሪያ አበጠ፣ ከዚያ መሃሉ ጠቆረ፣ ከዚያ ቀለበት ከቀለበት ውስጥ እየወጣ እየሰፋ ስምንት ዘጠኝ ደረሰ። ወዲያው የላይኛው ግማሽ ተጨፈለቀ፣ ክቡ ወደ ጨረቃ ተለወጠ። በስልክ ስሎው ሞሽን 240 ፍሬም አድርገን ስናየው ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፣ መጀመሪያ ክብ ሆኖ ያድጋል ቆይቶ ላዩ ይወድቃል። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ሰው የሚደሰተውና የሚቆመው።

ቀለበቱ የሚመጣው እንዲህ ነው። ጨረሩ መሃሉ ብርቱ ዳሩ ደካማ ነው፣ ፈሳሹ ብርሃኑ በበረታበት ቦታ የብርሃን ማጠፊያ ቁጥሩ ከተለወጠ መሃል ያለፈውና ዳር ያለፈው ሞገድ እርስ በርሱ ይዘገያል ወይ ይቀድማል፣ ልዩነቱ አንድ ሙሉ ሞገድ በሞላ ቁጥር አንድ ቀለበት ትጨምራለህ። ቀለበቱ ማጠፊያው መለወጡን ነው የሚነግርህ፣ ማን እንደለወጠው አይነግርህም።

ውሃ ወይስ አልኮል

አልኮሉን የፈለግነው ለዚህ ነው። አይሶፕሮፓኖል በአንድ ዲግሪ ሙቀት የማጠፊያ ቁጥሩ 0.0004 ያህል ይቀንሳል፣ ውሃ ግን 0.0001 ያህል ብቻ። በዛ ላይ ውሃ ሙቀትን የበለጠ ያስተላልፋል፣ አራት እጥፍ ገደማ። ሙቀት ከሆነ እንግዲህ አንድ ዓይነት ሞሊ፣ አንድ ዓይነት ሌዘር፣ ፈሳሹን ብቻ ስትቀይር ቀለበቱ ከአሥር እጥፍ በላይ መለያየት አለበት። ኤሌክትሮኑ ከሆነ ኤሌክትሮኑ ያለው ሞሊው ውስጥ ነው፣ ውሃ ውስጥ ሆነ አልኮል ውስጥ ይህን ያህል አይገደውም።

የሚያሳልፉት ብርሃን እኩል እስኪሆን በሶላር ሴሉ እየለካን አቀጠንናቸው። የውሃው ብጥብጥ ነጥቡን አሳበጠው፣ አንድ የደበዘዘች ዳር አሳየ፣ በቃ። አልኮሉ ስምንት ዘጠኙን ይዟል።

ጓደኛዬ ግን "ላርጎ አለበት እኮ ውሃው፣ ንጣፉን ሸፍኖት ቢሆንስ" አለ፣ ልክ ነው። እሱን ለመዝጋት ከርከዴ አመጣን። ከርከዴን አይሶፕሮፓኖል ውስጥ ዘፍዝፈን ቀይነቱ እንዲጸና ሎሚ ጠብ አደረግንበት፣ ቀዩ አረንጓዴን በደንብ ይውጣል፣ አጥልለን ከሞሊው ጋር እኩል እስኪያሳልፍ አቀጠንነው። ከርከዴ ውስጥ ንጣፍ የለ፣ ሴሚኮንዳክተር የለ። ቀለበቱ መጣ። ያው ቀለበት፣ ያው ብዛት ሲደመር ሲቀነስ አንድ፣ ላይኛው ግማሽም ያው ወደቀ። ቀለበቶቹ ያሉባቸውን ወረቀቶች አቀላቅለን እትዬን "የቱ የጥላሸቱ ነው" ብንላቸው ሁለቱንም አይተው "አንድ ናቸው፣ ደግሞ ከርከዴዬን ነው የወሰዳችሁት" አሉ።

ጨረሩን ሽቅብ

አጭር ናት ይቺ። በመስታወት ጨረሩን ከታች ወደ ላይ አዞርነው፣ ሳጥኗ እስከ አፏ ሞልታ ላይዋ በስላይድ ተከድኗል (ካልተከደነ የፈሳሹ ገጽ ራሱ ይረብሻል)፣ ቀለበቱ ኮርኒሱ ላይ ወጣ። ምንም አልወደቀም፣ ድፍን ክብ ሆኖ ቆመ። ጨረሩ አግድም ሲሆን የሞቀው ፈሳሽ ሽቅብ ሄዶ ላይኛውን ግማሽ ያበላሻል፣ ጨረሩ ራሱ ሽቅብ ሲሆን ግን ፍሰቱ ከጨረሩ ጋር ነው የሚሄደው፣ የሚያጋድለው አጣ። የወደቀው ግማሽ ስለ ሞሊ ሳይሆን ስለ ኮንቬክሽን ነው የሚያወራው። ኮርኒሱ ላይ ፎቶ ስታነሱ ግን ጎንበስ ብላችሁ ወደ ጨረሩ እንዳታዩ።

ቾፐሩ

ለእኔ ነገሩን የጨረሰው ይሄ ጨረሩን እየከፈተ እየዘጋ የሚቆራርጥ ዕቃ ነው። ሙቀት ለመጠራቀም ጊዜ ይፈልጋል። ፎከሳችን ላይ የጨረሩ ራዲየስ 70 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዛ ስፋት አልኮል ውስጥ ሙቀት ለመሰራጨት 20 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ኤሌክትሮን ደግሞ በፒኮ ሰከንድ (የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ) እና ከዛ በታች ነው የሚመልሰው፣ አንድ ሚሊ ሰከንድ ለእሱ ዘላለም ነው። እንግዲህ ጨረሩን ለ1 ሚሊ ሰከንድ ከፍተህ ለ9 ሚሊ ሰከንድ ብትዘጋው፣ ሲከፈት ኃይሉ ያው 26 ሚሊዋት ነው፣ አልተነካም። ኤሌክትሮኑ ከሆነ ቀለበቱ ደብዝዞ ግን በቁጥር ሳይጎድል መቆም አለበት፣ ምክንያቱም እሱ የሚያየው ያንን ቅጽበት ብቻ ነው። ሙቀት ከሆነ አማካዩን ነው የሚያየው፣ አማካዩ አንድ አሥረኛ ሆኗል።

ከኮምፒውተር የወጣ ማራገቢያ ላይ ጥቁር የተቀባ ካርቶን ክብ አጣብቀን ሦስት ቀዳዳ ከፈትን፣ እያንዳንዱ የክቡ አንድ ሠላሳኛ፣ ማራገቢያው በደቂቃ 2000 ያህል ስለሚዞር ልክ 1 በ10 ይመጣል። ካርቶኑ ካልተመጣጠነ ይንቀጠቀጣል ሌዘሩንም ያንቀሳቅሰዋል፣ ለብቻው ሰገራ ላይ አድርጉት። መብራት ስለሄደ የሞተር ባትሪ ነው ያሽከረከረው፣ 12 ቮልት ስለሆነ እንዲያውም ተመቸ።

ማራገቢያው ቆሞ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን ስምንት ቀለበት። ሲዞር የቀረው ያበጠ ነጥብ ከአንዲት ዳር ጋር። በእጅህ ይዘህ ታቆመዋለህ፣ ቀለበቶቹ አንድ ባንድ ይመለሳሉ፣ ትለቀዋለህ፣ ይሸሻሉ። ከርከዴውም እንደዛው። ድምቀቱ ስለቀነሰ ነው እንዳይባል ስልኩን ረጅም ኤክስፖዠር አድርገን ነው ያነሳነው፣ ብርሃኑ ተጠራቅሞ እንኳን ሁለተኛ ቀለበት የለም።

ይሄ ማለት ሞሊ ውስጥ የኤሌክትሮን ኖንሊኒየሪቲ የለም ማለት አይደለም፣ አለ፣ ሲበዛ አለ። በእንደዚህ ዓይነት ቀጣይ ሌዘር የምናየው ቀለበት ግን በብዛት ሙቀቱ ነው፣ ከቀለበት ቆጠራ አውጥቶ "የሞሊ ኤንቱ (ማጠፊያው በብርሃኑ ብርታት ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚናገረው ቁጥር) ይሄን ያህል ነው" የሚል ሰው ቾፐር ካላሳየኝ እኔ አልቀበለውም።

እና እጥፉስ?

ጓደኛዬ "ታዲያ ያንን የ2013ቱን ለምን አንሞክርም፣ 1064 እኮ እጃችን ላይ አለ" ይላል። በወረቀት ብቻ ሠራነው። መጀመሪያ ብጥብጥ አይሆንም፣ ንጣፉ መስታወት ላይ ተኝቶ ለብቻው መታየት አለበት። ነጠላ ንጣፍ ከላይ ስታየው ሦስት ማዕዘን ጸባይ አለው፣ አንድን አቅጣጫ ብትገለብጠው ራሱን አይሆንም፣ ድግግሞሽን እጥፍ ለማድረግ የግድ የሚያስፈልገው ይሄ ነው። ተፈጥሮ ላይ ያለው የተለመደው ሞሊ ሁለተኛው ንጣፍ 180 ዲግሪ ዞሮ ስለሚተኛ ሁለቱ ያወጡት ብርሃን እርስ በርሱ ይጠፋፋል፣ ሦስት ሲሆን ይመለሳል፣ አራት ሲሆን ይጠፋል፣ ጎዶሎ ያበራል ሙሉ ይጨልማል። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ የተነባበረ ዓይነት ደግሞ አለ፣ እሱ ላይ አይጠፋፋም፣ በንጣፉ ቁጥር ስኩዌር ይጨምራል። ፖላራይዘርና አናላይዘር (በአንድ አቅጣጫ የሚወዛወዝ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፉ ሁለት ማጣሪያዎች) ትይዩ አድርገህ አንድ ላይ ስታዞረው ስድስት ቅጠል ያለው አበባ ይወጣል፣ ቅጠሉ የክሪስታሉን አቅጣጫ ይነግርሃል፣ ጎዶሎውን ከሙሉው ለመለየት ሰው ዛሬ በዚህ ነው የሚጠቀመው።

ግን ኃይሉ ነው። እጥፉ የሚያድገው በብርሃኑ ስኩዌር ነው። ጥሩ ፌምቶ ሰከንድ (የፒኮ ሰከንድ አንድ ሺኛ) ሌዘር በሰከንድ 80 ሚሊዮን ምት፣ እያንዳንዱ 100 ፌምቶ ሰከንድ ነው፣ አማካዩ 10 ሚሊዋት ብቻ ቢሆን ያው ኃይል ጠቦ ስለሚመጣ ምቱ ላይ 1250 ዋት ነው። እኩል አማካይ ካለው ቀጣይ ሌዘር ጋር ስታነጻጽረው እጥፉ 125,000 ጊዜ ይበልጣል። ከፖይንተር የሚያፈተልከው 1064 ደግሞ ጥቂት ሚሊዋት ነው፣ የሚወጣው 532 ከራሱ ከፖይንተሩ አረንጓዴ ስር ይቀበራል። አንሞክረውም።

ዜድ ስካን፣ እስካሁን ያለው

ቀለበት መቁጠር ስለሰለቸን በ1989 ገደማ የወጣውን ዜድ ስካን ጀመርን፣ ሳጥኗን በፎከሱ ውስጥ ከፊት ወደ ኋላ እየገፋህ ሩቅ ያለ ትንሽ ቀዳዳ የሚያሳልፈውን ብርሃን ትለካለህ። ሐዲዱ እንጨት ቤት የሚሸጠው የመሳቢያ ሐዲድ ነው፣ ላዩ ላይ ማስመሪያ ተለጥፏል። ኃይሉን በግራጫ ፊልም ቀንሰነዋል፣ ቀለበት እየወጣ ኩርባው ትርጉም የለውም። ከፎከሱ በፊት ከፍ፣ ከፎከሱ በኋላ ዝቅ ነው የሚለው፣ ይሄ ማለት ፈሳሹ እንደሚበትን ሌንስ ሆኗል፣ ሲሞቅ ማጠፊያው ከሚቀንስ አልኮል የምትጠብቀው ይሄንኑ ነው። የከርከዴው ኩርባም ላዩ ላይ ይተኛል።

አሁን የቀረው ቾፐሩን ከሐዲዱ ጋር ማጋጠምና ሶላር ሴሉን በፎቶ ዳዮድ መቀየር ነው፣ ሴሉ ሰፊ ስለሆነ ቀርፋፋ ነው፣ ሚሊ ሰከንዷን ሲከፈት ሲዘጋ በደንብ አያሳይም። ፎቶ ዳዮዱን ከተበላሸ ሲዲ ማጫወቻ እናወጣዋለን ብለን ጥገና ቤት ነግረናል፣ ማጫወቻ ሲገባላቸው ይደውላሉ።